ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፤ ስለ ደም መርጋትና ስለ ቍስሉ አጠባበቅ

ስለ ጥርስ መነቀል በተነሣ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚፈራው ወንበሩን፣ መርፌውንና ጕጠቱን ነው። ዳሩ ግን በዛሬው ሕክምና ከሁሉ ይልቅ የተሸነፈው ይኸው የወንበሩ ሥቃይ ነው። በ1844 ዓ. ም. ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ስቦ ከገዛ መንጋጋ ጥርሶቹ አንዱን ያለ ሥቃይ አስነቀለ። በ1943 ዓ. ም. ደግሞ ኒልስ ሌፍግሬን የተባለው የስዊድን ኬሚስት ሊዶካይን የተባለውን ማደንዘዣ ሠራ፤ ዛሬ በየክሊኒኩ በድድ ውስጥ የሚወጋው በአብዛኛው ይኸው መድኃኒት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ በወንበሩ ላይ የሚሆነው ነገር በሐኪሙ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት የሚሆነው ግን በአብዛኛው በታካሚው በራሱ እጅ ነው።

ይሁን እንጂ ታካሚው ምክር የሚሰጠው ለመስማት በማይመች ሰዓት ነው። አፉ ደንዝዟል፤ በጥርሱ መካከል ጨርቅ ነክሷል፤ ልቡም ወደ ቤቱ ለመሄድ ቸኩሏል። ስለዚህ ከተነገረው ውስጥ ግማሹን ይዞ ይወጣል፤ ሌላውን ግማሽ ጎረቤትና ጓደኛ ይሞሉለታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት በመጠኑም ቢሆን ለመድፈን ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፤ ጥርሱ በወጣበት ጕድጓድ ውስጥ የሚረጋው ደም ታጥቦ የሚጣል ቆሻሻ አይደለም፤ የቍስሉ መድኃኒት እርሱ ራሱ ነው። እንትፍ አትበል፣ አትጉመጥመጥ፣ አታጭስ እየተባለ ለታካሚው የሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ ከዚህ ከአንድ ነገር የሚመነጭ ነው። ትእዛዙን ብቻ የሰማ ሰው ሊረሳው ይችላል፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን በቀላሉ አይረሳውም።

ስለ መጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ

የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ፣ አንዳንዶች የጥበብ ጥርስ የሚሉት፣ ከጥርሶች ሁሉ ዘግይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበቅል ነው። ይህም ልክ የተማሪነት ዘመናችን ስለ ሆነ ነገሩ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከተናል። ብዙ ሰው አራት ሲኖሩት፣ አንዱ ወይም ሁሉም ከቶ የማይበቅሉለት ሰውም አለ። ጥርሱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ቦታው በሌሎቹ ተይዞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ተጋድሞ፣ አንዳንዱ ግማሹ በድድ ተሸፍኖ፣ አንዳንዱም ፈጽሞ በዐጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ሁሉ መነቀል አለበት ማለት አይደለም፤ በደኅና የበቀለና የማያውክ ጥርስ በቦታው ሊቈይ ይችላል። የሚያመረቅዝ፣ የበሰበሰ ወይም ጐረቤቱን ጥርስ የሚጐዳ ሲሆን ግን እንዲወጣ ይደረጋል። ተቀብሮ የቀረውን ለማውጣት ሐኪሙ ድዱን መሰንጠቅ፣ ጥቂት ዐጥንት ማንሣት፣ ጥርሱንም ከፋፍሎ ማውጣት ያስፈልገው ይሆናል። ቍስሉም በዚያው ልክ ይሰፋል። ከዚህም በላይ የታችኛው መንጋጋ ዐጥንት ከላይኛው ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ፣ ከዚህ ቀጥለን የምንናገረው ችግር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በታችኛው በኩል ነው።

ደም እንዴት ይረጋል?

ጥርሱ ሲወጣ ከሥሩ ጋር የተያያዙት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ጕድጓዱም በደም ይሞላል። ሰውነት ይህን ደም የሚያቆመው በሦስት እርምጃ ነው። አንደኛ፣ የተበጠሱት የደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ሁለተኛ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርሱት ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን አካሎች በተቀደደው ቦታ ላይ ይጣበቁና እርስ በርሳቸው ተደራርበው ቀዳዳውን ይወትፉታል። ሦስተኛ፣ በደሙ ውስጥ ሟሙቶ የሚኖረው ፊብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ፊብሪን ወደሚባል ክር ይለወጣል፤ ክሩም እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፎ ውታፉን ያጸናዋል።

በዚህ ዓይነት የረጋው ደም ሦስት አገልግሎት ይሰጣል። ደሙን ያግዳል፤ በጕድጓዱ ውስጥ ያለውን ዐጥንትና የነርቭ ጫፍ ከምግብ፣ ከአየርና ከተሕዋስያን ይሸፍናል፤ አዲስ ሥጋ ለሚሠሩት ሕዋሳትም መወጣጫ ይሆናል። ግንበኛ መወጣጫውን ካፈረሱበት ግንቡን ሊቀጥል እንደማይችል ሁሉ፣ የረጋው ደም የተነሣ እንደ ሆነ ቍስሉ የሚድንበት መንገድ ይሰናከላል። በደኅና የቈየ እንደ ሆነ ግን በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ በአዲስ ለስላሳ ሥጋ ይተካል፤ ድዱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከላይ ይገጥማል። ጕድጓዱ በዐጥንት እስኪሞላ ድረስ ግን ወራት ያስፈልጋሉ።

ነገር ግን አፍ ለረጋ ደም የተመቸ ቦታ አይደለም። የእጅ ቍስል ይታሰራል፤ ይደርቃል፤ ቅርፊትም ያበጃል። የአፍ ቍስል ግን ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ምላስ ይነካካዋል፤ ምግብ ያልፍበታል። ምራቅም የፊብሪንን ክር የማሟሟት ጠባይ አለው። ስለዚህ አንድ ነገር ሳናውቅ ብናደርግ፣ ለምሳሌ በኀይል ብንመጥ ወይም ብንተፋ፣ ገና ያልጸናውን ውታፍ ከቦታው ልናነሣው እንችላለን።

ከመነቀሉ በፊት ሊነገር የሚገባው

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ደም የማቆም ሥራ የሚጀመረው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ነው። ታካሚው ሐኪሙ ባይጠይቀው እንኳ ሦስት ነገሮችን መናገር ይገባዋል።

የመጀመሪያው፣ ደሙ ከዚህ ቀደም በቀላሉ ይቆም እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ ነው። ሄሞፊሊያ የሚባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የውርስ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በእናት በኩል እየተላለፈ በወንዶች ላይ ይታያል። በ1926 ዓ. ም. ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ የተባለው የፊንላንድ ሐኪም የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሌላው በሽታ ግን ወንድንም ሴትንም ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚነስረው ሰው፣ የወር አበባዋ ከመጠን በላይ የሚበዛባት ሴት፣ ትንሽ ሲነካው የሚበልዝ ሰው ይህን መናገር አለበት። በአገራችን ደግሞ አንድ የማይናቅ ማስረጃ አለ። ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ ይገረዛል፤ እንጥሉን የተቈረጠ ወይም በሕፃንነቱ ጥርሱን የተነቀለ ሰውም አይጠፋም። እንጥል ማስቈረጥና የሕፃን ጥርስ ማስነቀል ጎጂ ልማዶች ስለ ሆኑ አንደግፋቸውም፤ ይሁን እንጂ የተደረገበት ሰው በዚያን ጊዜ ደሙ ቶሎ ቆሞለት እንደ ሆነ ወይም ቀናት ሙሉ ፈስሶ እንደ ሆነ እናቱን ቢጠይቅ፣ ለሐኪሙ የሚጠቅም ወሬ ያገኛል።

ሁለተኛው፣ የሚወስደው መድኃኒት ነው። ለራስ ምታት በየሱቁ የሚገዛው አስፕሪን የፕላትሌቶችን የመጣበቅ ኀይል ያዳክማል። አንዴ የተዳከመ ፕላትሌት ደግሞ ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ይኸውም ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ፣ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ስለዚህ ለጥርስ ሕመም ብሎ አስፕሪን መዋጥ፣ ይባስ ብሎም በድድ ላይ ማስቀመጥ፣ ጥሩ ልማድ አይደለም፤ በድድ ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ሥጋውን ያቃጥለዋል። በጕሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የልብ በሽታ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃ ነው። ከእነዚህ መካከል ሰው ሠራሽ የልብ በር የተደረገላቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ በልቡ ላይ ደም ቢረጋ የሚደርሰው ጉዳት ከጥርሱ ደም እጅግ የከፋ ነውና። የሚገባው ለጥርስ ሐኪሙም ለልብ ሐኪሙም ማስታወቅ ነው። አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ከ4 በታች የሆነ እንደ ሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ ቍስሉን በመስፋትና በጥንቃቄ በመጠቅጠቅ ጥርሱን ማውጣት ይቻላል። ልብ እንዳያመረቅዝ የሚሰጠው መድኃኒትም ከመነቀሉ በፊት ይሰጠዋል።

ሦስተኛው፣ የጉበት ሕመም ነው። ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ስለ ሆነ፣ ጉበቱ የታመመ ሰው ደሙ ለመርጋት ሊዘገይ ይችላል።

ከዚህ ሌላ ቀጠሮው በጠዋት፣ በሳምንቱም መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል። ደሙ እንደገና ቢፈስ ሐኪም የሚገኝበት ሰዓት ይተርፋልና። በማግሥቱ በአውቶቡስ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ያሰበ ተማሪም አንዱን ማዘግየት ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ቀን

ጥርሱ እንደ ወጣ ሐኪሙ ጎዝ የሚባለውን ንጹሕ የቁስል ጨርቅ አጥፎ በጕድጓዱ ላይ ያስቀምጣል፤ ታካሚውም ይነክሰዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያጠፋል። አንደኛው ጨርቁን በጕድጓዱ ላይ ሳይሆን በጐኑ ባሉት ጥርሶች መካከል መያዝ ነው። ጥርስ በጥርስ ላይ ቢነክስ ደሙ አይታገድም፤ የሚያግደው በቍስሉ ላይ የሚያርፈው ግፊት ነው። ሁለተኛው በየአምስት ደቂቃው ጨርቁን እያነሡ ማየት ነው። ጨርቁ በተነሣ ቍጥር የተጀመረው ውታፍ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ሳያነሡና ሳያወሩ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አጥብቆ መንከስ ያስፈልጋል።

በዚያ ቀን በምራቅ ውስጥ ጥቂት ደም ቢታይ አያስደነግጥም፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ቀይ ቀለም ብንጨምር ውኃው ሁሉ ይቀላል። ምራቅም እንደዚሁ ጥቂቱን ደም አብዝቶ ያሳያል። እንዲህ ያለው ምራቅ በቀስታ በጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በኀይል አይተፋም። መትፋትም መምጠጥም በአፍ ውስጥ የአየር ስበት ስለሚፈጥር የረጋውን ደም ይጐትተዋል። በዚሁ ምክንያት በቀሰም መጠጣትና ሲጋራ መሳብ የተከለከለ ነው። ሲጋራ በመሳቡ ብቻ ሳይሆን የደም ሥሮችን በማጥበቡም ይጐዳል። ጫትም እንዲሁ ለብዙ ሰዓት የሚታኘክና የሚመጠጥ በመሆኑ በዚያ ሳምንት መቅረት ይገባዋል።

ማደንዘዣው እስኪለቅ ድረስ ምግብ መብላት አይገባም፤ ከንፈርንና ምላስን ሳያውቁት መንከስ ይመጣልና። ከለቀቀ በኋላ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ለስላሳ ነገር ይበላል። ትኵስ ቡና፣ ትኵስ ሻይና ትኵስ ወጥ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፉ ለማግሥቱ ይቈያሉ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ፈጽሞ አይጠጡም። በመኝታ ጊዜ ራስን በሁለት ትራስ ከፍ ማድረግ፣ በዚያና በማግሥቱም ቀን ከባድ ነገር ከማንሣት፣ ከመሮጥና ኳስ ከመጫወት መታቀብ ያስፈልጋል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በጕንጭ ላይ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ እያስቀመጡ፣ ያንኑም ያህል እያሳረፉ መቀጠል እብጠቱን በመጠኑ ይቀንሳል።

በተማሪዎች ማደሪያ ጥርሱን ተነቅሎ የመጣ ሰው በአልጋው ዙሪያ ብዙ ሐኪም ያገኛል። አንዱ በጨው ውኃ አሁኑኑ ተጉመጥመጥ ይለዋል፤ ሁለተኛው አረቄ ያዝበት ይላል፤ ሦስተኛው ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅርንፉድ በጕድጓዱ ውስጥ እንዲወትፍ ይመክረዋል። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ አንዳንዱም ምክር እውነት የሌለው አይደለም። የጨው ውኃ ጥሩ ነው፤ ግን ጊዜው ነገ ነው። ቅርንፉድም ሕመም የሚያደነዝዝ ዘይት አለው፤ ግን ቦታው አዲስ ቍስል አይደለም። ክፋቱ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከመቸኰሉ ነው፤ የቸኰለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለምን?

ደሙ አልቆም ያለ እንደ ሆነ

ከጥርስ መነቀል ጋር የሚመጣው የደም መፍሰስ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ጥርሱ በሚወጣበት ጊዜ የሚፈሰው ነው፤ ይህን የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። ሁለተኛው ደሙ ከቆመ በኋላ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ እንደገና የሚጀምረው ነው። ሐኪሞች ከማደንዘዣው ጋር ብዙ ጊዜ አድሬናሊን የሚባል የደም ሥርን የሚያጠብ መድኃኒት ይቀላቅላሉ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የመድኃኒቱ ኀይል ሲያልቅ የደም ሥሮቹ ይላላሉ፤ ከክሊኒኩ ደረቅ አፍ ይዞ የወጣው ሰው ማታ ደም ሊያይ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሦስተኛው ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ቈይቶ የሚመጣው ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቍስሉ በማመርቀዙ የሚመጣ ስለ ሆነ ሐኪም ሳያየው ሊታለፍ አይገባም።

ደሙ ማታ በቤት ሳለ የጀመረ እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር መቀመጥና መረጋጋት ነው። መሯሯጥና መደንገጥ የልብን ምት ስለሚያበዛ ደሙን ይጨምረዋል። ቀጥሎም አፍን በመስተዋት መመልከት ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ከጕድጓዱ ውጭ ጥቁር ቀይ የሆነ፣ እንደ ጉበት የሚለሰልስ ጓል ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ደሙም ከሥሩ ይፈስሳል። ይህ ከውጭ ያለው ጓል ደሙን ስለማያግድ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። በጕድጓዱ ውስጥ ያለው ግን ፈጽሞ አይነካም። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በጥቂት ንጹሕ ውኃ አርጥቦ፣ አጥፎ፣ በትክክል በጕድጓዱ ላይ አድርጎ 30 ደቂቃ በሰዓት ቈጥሮ አጥብቆ መንከስ ነው። ጨርቁ የሚረጥበው ደረቅ ጨርቅ በረጋው ደም ላይ ተጣብቆ ሲነሣ አብሮት እንዳያነሣው ነው።

ይህም ካልበቃ በማንኛውም ቤት የሚገኝ አንድ መድኃኒት አለ፤ እርሱም ሻይ ነው። በሻይ ቅጠል ውስጥ ታኒን የሚባል የሚያኮማትር ነገር ስለሚገኝ፣ የሻይ ከረጢት በፈላ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆና ፈጽሞ አቀዝቅዞ በጕድጓዱ ላይ ሌላ 30 ደቂቃ መንከስ ይጠቅማል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰዓት ሙሉ በትክክል ተነክሶ ደሙ ያልቆመ እንደ ሆነ፣ ወይም ከመጀመሪያውም አፍን እየሞላ የሚወርድ ደማቅ ቀይ ደም የታየ እንደ ሆነ፣ ወይም ታካሚው ራሱን ያዞረውና ያላበው እንደ ሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። እስኪደርስም ድረስ ጨርቁን መንከሱን አያቁም፤ ደሙንም አይዋጥ፤ የተዋጠ ደም ሆድን አውኮ ያስታውካልና።

በሐኪም ቤት ቍስሉ ሊሰፋ፣ ደም በሚያረጋ ስፖንጅ ሊጠቀጠቅ ይችላል። ደማቸው በቀላሉ ለማይቆም ሰዎች ደግሞ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት አለ። ይህን መድኃኒት በ1962 ዓ. ም. ለዓለም ያስታወቁት ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤቷ ሾሱኬ ኦካሞቶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው። የመድኃኒቱ ሥራ ቀደም ብለን ከተናገርነው ጋር የተያያዘ ነው፤ ይኸውም የፊብሪን ክር እንዳይሟሟ መከላከል ነው። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች 5 ከመቶ የሆነውን ፈሳሽ በቀን 4 ጊዜ በአፋቸው እንዲይዙት የሚታዘዙትም ለዚህ ነው።

ከሁለተኛው ቀን ወዲያ

ከ24 ሰዓት በኋላ የጠባቂነቱ ሥራ በንጽሕና ሥራ ይታገዛል። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ከምግብ በኋላ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ አፍን መለቅለቅ ነው። ውኃው በአፍ ውስጥ አይናጥም፤ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረጉ ይዳረስና በራሱ እንዲወርድ ይደረጋል። ሌሎቹን ጥርሶች በቡርሽ ወይም በመፋቂያ ማጽዳት ይቀጥላል፤ የቍስሉ ቦታ ብቻ ይተዋል።

ለምግብ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስላሳ የሽሮ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንችና ሙዝ ይስማማሉ። እርጎና እንቍላልም ለፍስክ ወራት ጥሩ ናቸው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጥሬ ስለሚሰባበሩ፣ ተልባና ሰሊጥም በጕድጓዱ ውስጥ ስለሚሰነቀሩ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ስለሚያቃጥሉ ለአንድ ሳምንት ይታለፋሉ።

ሕመሙ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በሚባሉት መድኃኒቶች በሚገባ ሊታገሥ ይችላል። ለጤነኛ ጐልማሳ ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። አይቡፕሮፌን ምግብ ተበልቶ የሚወሰድ ነው፤ ጾመኛ ሰው ይህን አስቦ ሰዓቱን ማስተካከል ወይም ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር ይገባዋል። የጨጓራ ቍስል፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ደም ያለመርጋት ችግር ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳይጠይቁ መውሰድ የለባቸውም።

እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ ይቀንሳል። አፍን እንደ ልብ መክፈት አለመቻልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ፊቱ ያበጠ ሰው ነገሩ ተበላሸ ብሎ መሥጋት አያስፈልገውም። በጕድጓዱ ውስጥ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ሽፋን ማየትም ብዙ ሰው መግል እየመሰለው በእንጨት ለመፋቅ ያነሣሣዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ መግል ሳይሆን ቍስሉ መዳን መጀመሩን የሚያመለክት የፊብሪን ሽፋን ነው። ቍስሉ በሐር ክር የተሰፋ እንደ ሆነ ክሩ ከአንድ ሳምንት ያህል በኋላ ይወጣል፤ በሚሟሟ ክር የተሰፋው በራሱ ጊዜ ይወድቃል።

ደረቅ ጕድጓድ

የረጋው ደም ከጊዜው በፊት የተነሣ ወይም የሟሟ እንደ ሆነ ደረቅ ጕድጓድ የሚባለው ችግር ይመጣል። ይህን ስም በ1896 ዓ. ም. በጽሑፍ ያስታወቀው ክሮፎርድ የተባለው አሜሪካዊ ነው። በ1973 ዓ. ም. ደግሞ ቢርን የተባለው የዴንማርክ ተመራማሪ ፊብሪን ከመጠን በላይ መሟሟቱ የችግሩ ሥር መሆኑን ገለጸ። በማናቸውም ጥርስ መነቀል ከመቶ ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ሲታይ፣ ተቀብሮ በነበረ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ግን ቍጥሩ እጅግ ከፍ ይላል። የሚያጨሱ ሰዎችና የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ምልክቱ የታወቀ ነው። ተራው ሕመም ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ይሄዳል። የደረቅ ጕድጓድ ሕመም ግን በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ሰውየው ዳንሁ ባለበት ሰዓት ይነሣና እስከ ጆሮ ድረስ ይጠዘጥዛል፤ አፍም ይሸታል፤ በጕድጓዱ ውስጥ ራቁቱን የቀረ ዐጥንት ይታያል። ይህ ሕይወትን የሚያሠጋ አይደለም፤ ሥቃዩ ግን ብርቱ ነው። ሐኪሙ ጕድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያለበት ጨርቅ ያስቀምጥበታል። ብዙ ጊዜ በዚህ ጨርቅ ላይ የሚጨመረው ዩጂኖል የተባለው የቅርንፉድ ዘይት ነው፤ የእናቶቻችን ቅርንፉድ እንግዲህ በዚህ ጊዜ፣ በሐኪም እጅ፣ ቦታውን ያገኛል። ተሕዋስያንን የሚገድሉ እንክብሎችን ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ ግን ለዚህ ሕመም አይጠቅምም፤ የጐደለው መሸፈኛ ነውና።

ሊዘገይባቸው የማይገቡ ምልክቶች

ከዚህ በላይ ከተናገርነው የደም መፍሰስ ሌላ የሚከተሉት ምልክቶች ያለ ቀጠሮ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፤ ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤ ከጕድጓዱ የሚወጣ መግል፤ ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ሳይመለስ የቀረ የከንፈር ወይም የምላስ መደንዘዝ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከመንጋጋ በታች እየጠጠረ የሚሄድ እብጠት፣ መዋጥ አለመቻልና የትንፋሽ ማጠር ነው። በ1836 ዓ. ም. ሉድቪግ የተባለው የጀርመን ሐኪም የገለጸው ይህ ማመርቀዝ የአየር መተላለፊያን ዘግቶ ሊገድል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ሰው ሌሊቱ ይንጋ ማለት አይገባም።

በቤት ሳለ ሊያስብባቸው የሚገባው ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ደሙ በአንድ ሰዓት ንክሻ ይቆማልን? ሕመሙና እብጠቱስ ከሦስተኛው ቀን ወዲህ እየቀነሰ ነውን? ለሁለቱም መልሱ አዎን ከሆነ፣ ቀሪው ነገር ትዕግሥት ነው። ለአንዱ እንኳ አይደለም ከሆነ መንገዱ ወደ ሐኪም ቤት ነው እንጂ ወደ አረቄው ጠርሙስ አይደለም። ጥርሱን ያስነቀለው ጓደኛችን አፉ ደንዝዞ ሊጠይቀን ስለማይችል፣ በመጀመሪያው ሌሊት አጠገቡ የሚያድር ሰው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ቢያውቅለት ትልቅ እርዳታ ይሆነዋል።